ነጠላው፣ ቬሎውና ካባው

የጥምቀት በዓል በዋለ በማግሥቱ፣ ጥር 12 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያናችን የቃና ዘገሊላን ሠርግ ታስባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት የሠርግ ወራት ናቸው፤ በነዚህ ያልደረሰለትም ትንሣኤን አሳልፎ ሚያዝያንና ግንቦትን ይጠብቃል። በሠርግ ወራት ቅዳሜ ወይም እሑድ ወደ ወለንጪቲ የመጣ እንግዳ የመኪናውን ጡሩምባ ሰምቶ ወደ መንገድ ዳር ቢወጣ፣ የሦስትና የአራት ዘመን ልብስ ባንድነት ሲያልፍ ያያል። አያቶች በጥለት ነጠላ፣ እናቶች በጥበብ ቀሚስ፣ ሙሽራዪቱ ምድር በሚጠርግ ቬሎ፣ ሚዜዎቿ ሐር በሚመስል ባንድ ቀለም ጨርቅ፣ ወንዶቹ በጥቍር ሱፍ፣ ከገጠር የመጡት የኦሮሞ ዘመዶቻችንም ጨሌያቸውን አድርገው ይታያሉ። ይህ ሁሉ ለዐይን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ልብሱ ሠርጉን ማድመቁን ትቶ ሠርጉን ሲያስቀር ስላየሁ፣ ስለዚሁ ጕዳይ ለቤተ ሰብ አንባብያን ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ወለንጪቲ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። ሙቀቷ ብርቱ፣ ነፋሷም አቧራ የሚያነሣ ስለ ሆነ፣ ነጭ ለብሶ ሳያድፉ መዋል በእኛ ዘንድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ደግሞም የመንገድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በእርሷ በኩል አልፎ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው አቡጀዲ በዚሁ ሐዲድ ወደ መካከል አገር ገባ፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ከድሬዳዋ በየሻንጣው ተሸጕጦ የመጣ የሴት ቀሚስና የአልጋ ልብስ ከባቡር ሲወርድ አስታውሳለሁ። አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት ተቈጥረዋል፤ የጅቡቲ የጭነት መኪና ግን ቀንና ሌሊት ያልፍብናል። እንግዲህ የዓለም ጨርቅ ሁሉ በደጃችን አልፏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያልፋል እንጂ አይቀመጥም፤ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው።

ከቀረው አንዱ እናቴ በ1958 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ የተዳረችበት ቀሚስ ነው። አያቴ ፈትሉን የጀመረችው ልጅቱ ገና ሳትታጭ እንደ ነበር እናቴ ትናገራለች። ጥጡ ከገበያ ይገዛል፤ ፍሬው በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየተዳመጠ ይለያል፤ የተዳመጠው በደጋን ይነደፋል፤ የተነደፈው አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎውም በእንዝርት እየሾረ ክር ሆኖ ይወጣል። ይህን ሁሉ አያቴ የምትሠራው እንጀራው ተጋግሮ፣ ውሃው ተቀድቶ፣ ከብቱ ገብቶ ካበቃ በኋላ፣ በማታ፣ በኩራዝ ብርሃን ነበር። አንድ ልቃቂት ለመሙላት ስንት ማታ እንደሚፈጅ የሚያውቅ የፈተለ ብቻ ነው። ለድሩ የሚሆነው ክር ጠንካራ ሆኖ መክረር አለበት፤ ለማጉ የሚሆነው ግን ለስላሳና ላላ ያለ ነው፤ ሁለቱን ለይታ ያልፈተለች ሴት ሸማኔው ፊት ታፍራለች። ሽማግሌዎች ሲመርቁ ባልና ሚስትን ድርና ማግ ሁኑ የሚሉት እንዲያው ለአፍ ማሳመሪያ አይመስለኝም። ጠንካራው ብቻውን ገመድ ነው፤ ለስላሳውም ብቻውን ብጣቂ ነው።

ፈትሉ ባለቀ ጊዜ ለሸማኔ ተሰጠ። ሸማኔውም እግሩን ከጕድጓዱ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየሰደደ ሠራው። ዋጋው የሚቈረጠው በክንድ ነበር። በጫፉና በደረቱ ላይ ያለው ጥበብ አረንጓዴና ወርቅማ ሆኖ ትንንሽ መስቀሎች የተያያዙበት ነው። የቀሚሱ ስፌት ሰፊ ሆኖ ወገብ የለውም፤ ወገቡን የሚሰጠው መቀነቱ ነው። የዚህ ልብስ ጥበብ በእኔ አስተያየት ከጥልፉ ይልቅ በዚህ ላይ ነው። መቀነት ያለው ቀሚስ የቀጠነችውንም የወፈረችውንም ይቀበላል፤ ያረገዘችውን አያሳፍርም፤ የወለደችውን አይጥላትም። ስለዚህም ከእናቴ በኋላ ሁለት እኅቶቿ፣ እኔም በ1981 ዓ.ም. ተዳርንበት። ፎቶግራፎቻችንን ጎን ለጎን ያየ ሰው የየዘመኑን ፋሽን ከጠጕራችን አሠራር ያውቃል እንጂ ከልብሳችን አያውቅም።

ነጠላውስ ቢሆን ልብስ ብቻ ነውን? ነጠላ አፍ የሌለው ተናጋሪ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ መስቀለኛ አድርገን እናጣፋዋለን፤ በታላቅ ሰው ፊት ስናስተናግድ ወገባችን ላይ አደግድገን እናስረዋለን፤ ኀዘን ሲሆን ጥለቱን አዘቅዝቀን ወደ ላይ እናደርገዋለን፤ ደስታ ሲሆን ጥለቱ ከታች ሆኖ ያበራል። አንዲት ሴት ገና ከሩቅ ስትመጣ ለቅሶ ትሂድ ወይም ክርስትና ትሂድ የሚለየው በዚህ ነው። ይህን ቋንቋ ከእናቶቻቸው ያልተማሩ ልጆች ዛሬ እጅግ የተዋበ ነጠላ ገዝተው ለሠርግ በለቅሶ አለባበስ ሲመጡ እናያለን፤ አሮጊቶቹም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ልጆቹን አልወቅስም፤ ያልነገራቸው የለበሰው ነው።

ፋሽን የሚሉት ነገር በእኛ አገር ጭቅጭቅ ያስነሣው ዛሬ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው፣ ስድስት ኪሎ ላይ የፋሽን ትርኢት ሊታይ ሲል ተማሪዎች ተቃውመው ታላቅ ግርግር ሆነ፤ ነገሩም ተማሪዎችን እስከ ማሰር ደረሰ። ስለ አንድ ቀሚስ እርዝመት አገር ይታወካል የሚል ማን ነበር? ከዚያም በኋላ አፍሮው፣ እግሩ ሰፊ የሆነው ቤልቦተም ሱሪ፣ ተረከዘ ረዥሙ ጫማ በየተራ መጡ፤ በየተራም ሄዱ። እኛም በወለንጪቲ ከአዳማ አንድ ዓመት ዘግይተን ለበስናቸው፤ አዳማ ሲተዋቸውም አንድ ዓመት ዘግይተን ተውናቸው። ስለ ወንዶች ልብስ የምለው እምብዛም የለኝም። ሆኖም በግንቦት ወር በእኛ ከተማ ፀሐይ ሙሉ ጥቍር ሱፍ ከነከረባቱ ለብሶ ላቡ በጕንጩ ሲወርድ ያየሁትን ሙሽራ ሁሉ፣ የአባቱ ነጭ እጀ ጠባብና ኩታ ምን በድሎት ነው ብዬ ማዘኔን አልደብቅም።

ወደ ቬሎው ልምጣ። ብዙ ሰው ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ከጥንት ጀምሮ የፈረንጅ ሕግ የሆነ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1840 በሠርጓ ቀን ነጭ ለብሳ ከታየች በኋላ የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ከዚያ በፊት በአውሮፓ የምትዳር ልጅ ያላትን መልካም ልብስ ቀለሙ ምንም ቢሆን ትለብሰው ነበር። ቬሎ የሚለውም ስም በጣልያንኛ ዐይነ ርግብ ማለት ነው፤ እኛ የራስ መሸፈኛውን ስም ወስደን ለቀሚሱ በሙሉ ሰጠነው። ይህን የምጽፈው ቬሎ የለበሰችን ልጅ ለማሳቀቅ አይደለም፤ ነጭ ልብስ በማንም እጅ ቢሰፋ ያምራል። ነገር ግን ነጩን ልብስ ከፈረንጅ ተዋስነው ለሚል ሰው፣ አያቶቻችን ያን ጊዜ ምን ለብሰው ቅዳሴ ያስቀድሱ እንደ ነበር ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

አሁን ብዕር ያስነሣኝን ልንገራችሁ። የእኅቴ ልጅ በጥር 2014 ዓ.ም. ታጨች። እጮኛዋ አስተማሪ ነው፤ ሁለቱም በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በንጽሕና የተጠባበቁ ልጆች ናቸው። ሠርጋቸው በተክሊል እንዲሆን ተስማምተው ለጥር 2015 ዓ.ም. ቀን ቈረጡ። ጥሩ ደረሰና ገንዘቡ አልሞላም ተብሎ ወደ ግንቦት ተዛወረ። ግንቦትም ወደ ጥር፣ ጥርም ወደ ሚያዝያ። የምግቡ ነገር በእድርና በዘመድ ይቃለል ነበር፤ ያልተቃለለው ልብሱ ነው። ለቬሎው ኪራይ፣ ለሁለት ወገን ሚዜዎች አንድ ዐይነት ልብስ፣ ለመልሱ ቀን ሌላ ልብስ፣ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወርዶ ፎቶግራፍ ለመነሣት ሌላ ልብስ፣ በጥሎሹ ቀንም በዘመድ ፊት እየተነሣ የሚታየው ቀሚስና ጫማ በቍጥር ከሌሎቹ እንዳያንስ። የአስተማሪ ደመወዝ ይህን ሁሉ የሚችል አልሆነም።

ሁለት ዓመት ሲያልፍ ልጁ ተስፋ ቈረጠ። «ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርምና አብረን እንኑር፤ ተክሊሉ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል» ብሎ ለልጅቱ ነገራት። ይህ ነገር በብዙ ቤት እንደሚባል አውቃለሁ፤ ያለ ክፋትም ይባላል። ነገር ግን አንባብያን እንደምታውቁት አክሊሉ በድንግልና ለቀረቡት የተጠበቀ ነው። አስቀድመው አብረው የኖሩ ሰዎች በንስሐ ቀርበው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው ጋብቻቸውን ያጸናሉ፤ ይህም ክቡር ነው፤ አክሊሉ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይደፋም። ልጅቱ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ወደ እኔ የመጣችውም እያለቀሰች ነበር።

«እንግዲያው ቬሎውን ተይው» አልኋት።

«አክስቴ፣ ድሀ ናት ቢሉኝ እችለዋለሁ» አለችኝ። «የማልችለው አዝነውልኝ ሲያዩኝ ነው።»

ይህን ቃል እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም። ዛሬ ልጃገረድ የምትለካው በሰፈሯ ሰው ብቻ አይደለም፤ በየስልኩ በሚዞረው በሩቅ አገር ሠርግ ሁሉ ጭምር ነው። እኔ በተዳርሁበት ዘመን ያየኝ ሰው ቢበዛ ሦስት መቶ ነበር፤ እርሷን የሚያያት ቍጥር የለውም። ምክር የሚሰጥ ሰው ይህን ካልቈጠረላት ምክሩ አይሰማላትም።

በአገር ልብስ ይሁንላት ብለንም ከእናቷ ጋር ወደ አዲስ አበባ ወጥተን ሽሮ ሜዳን ዞርን። በእውነቱ ዐይን ይሰለባል። ይሁን እንጂ በእጅ የተሠራው፣ ጥበቡ የጠለቀው ቀሚስ ከነሙሽራው ልብስ ከቬሎው ኪራይ በልጦ አገኘነው። በዚህ ሸማኔውን አልነቅፍም። ሳምንታት ጐንበስ ብሎ የሠራበትን ዋጋ መጠየቁ ፍርድ ነው፤ ልጃችን ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ሥራ ስትጀምር ምክንያቷ የሸማኔዎቻችን ሙያ ገበያ አጥቶ እንዳይጠፋ ነበርና፣ ባለሙያው ዋጋውን ሲያገኝ ደስ ሊለን ይገባል። ርካሽ ሆኖ ያገኘነው በመኪና የታተመውን፣ ጥበብ የሚመስለውን ነው፤ እርሱንም ልጅቱ በእጇ ዳስሳ መልሳ አስቀመጠችው። እንግዲህ የአገር ልብስ ልበሺ ማለት ብቻ ለድሀ መልስ አይደለም።

መልሱን የጀመሩልን የንስሐ አባታቸው ናቸው። እርሳቸው ብዙ አይናገሩም። ሁለቱን ልጆች እኔም ባለሁበት ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠርተው፣ የተክሊሉን ካባ ከሣጥኑ አውጥተው ዘረጉት። ቀይ ከፋይ ነው፤ በወርቀ ዘቦ የተሠራው መስቀል በጀርባው ላይ አለ፤ ገበሩ ደብዝዟል፤ በትከሻው ላይ ሁለት ጊዜ የተጣፈ ቦታ ይታያል።

«ልጄ» አሉት አስተማሪውን፣ «ይህን ካባ የነጋዴም ልጅ፣ የዘበኛም ልጅ ለብሶታል። ከላይ እርሱ ከተደረበ በኋላ ከሥር ምን እንደ ለበሱ እኔ ራሴ ትዝ አይለኝም።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ አጣጥፈው መለሱት።

እኔም ያን ጊዜ ነው ሥርዐቱን በአዲስ ልብ ያሰብሁት። በሥርዐተ ተክሊል ካህናቱ በልብሱ፣ በቀለበቱ፣ በቅብዐ ቅዱሱና በአክሊሉ ላይ ይጸልያሉ። ልብሱ እንግዲህ ከሚባረኩት አንዱ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ካባ ግን የሙሽራው ሀብት አይደለም፤ ለሰዓታት ይደረብለታል፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ይቀመጣል። በወንጌል ስለ ንጉሡ ልጅ ሠርግ በተነገረው ምሳሌ የሠርግ ልብስ ሳይለብስ የገባው ሰው ተወቀሰ፤ ሊቃውንቱም ያን ልብስ በምግባር ይተረጕሙታል እንጂ በጨርቁ ዋጋ አይተረጕሙትም። ባለጠጋ የሆኑት እንኳ በዚህ ቀን የሚደምቁት በዚሁ ካባና አክሊል ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ልዑል ኢዮኤል መኰንን በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በጳጉሜን፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ አሪያና ኦስቲንን ሲያገቡ የዓለም ጋዜጦች ሥዕላቸውን አወጡ፤ ሰውን ሁሉ ያስደነቀውም ሙሽሮቹ ካባ ደርበው አክሊል ደፍተው የታዩበት ነው። ያንኑ መልክ የእኛ አጥቢያ ለአናጢ ልጅ ሲሰጥ ጋዜጠኛ ስለሌለ ብቻ ሳይታይ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የእናቴን ሣጥን ከፈትን። ቀሚሱ በዕድሜው ወደ ብጫነት ስላዘነበለ በእንዶድ ታጥቦ በጥላ ተሰጣ፤ ወደ ነጭነቱም ተመለሰ። ችግሩ ሌላ ሆነ፤ የእኅቴ ልጅ ከእኛ ሁሉ ትረዝማለች። መቀነት ለወርድ ይበጃል እንጂ ለቁመት አይረዳም። ሲለካ አንድ ስንዝር አነሰ። እርሷም ዝም አለች፤ እኔም ነገሩ ያበቃ መሰለኝ። እናቴ ግን ጨርቁን በጣቶቿ እያሸች ጥቂት ቈየችና፣ «ሸማኔ ጥሩ» አለች። የአንድ ስንዝር ጥበብ ለብቻው ተሠርቶ ከጫፉ ተቀጠለ፤ ከአሮጌው ጋር እንዲስማማ አረንጓዴው ደብዘዝ ብሎ ተመረጠ። ለልብስ የወጣው ገንዘብ ይህና የሙሽራው እጀ ጠባብ ብቻ ነው። ሚዜዎቹም በየቤታቸው ያላቸውን ነጭ ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ተነገራቸው፤ ሁለቱ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም መጡ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ሙሽሮቹ በእጃቸውና በእግራቸው እንሶስላ ሞቀው፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ በካህናቱ ፊት ቆሙ። ካባው ተደረበላቸው፤ አክሊሉ ተደፋላቸው፤ ከቅዳሴውም ጋር ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። በውጭ ሲወጡ ፀሐይዋ ከወደ አዋሽ በኩል ብቅ ብላ ነበርና በነጩ ላይ አረፈች። የሙሽራው እናት እልል አለች፤ የኦሮሞ ዘመዶቻችንም ተቀበሏት፤ በሁለት ቋንቋ ተዘፈነ። ከአዳማ የመጣች አንዲት እንግዳ ወደ እናቴ ጠጋ ብላ የቀሚሱን ጫፍ ያዝ አድርጋ፣ «ከየት ነው ያሠራችሁት? ሽሮ ሜዳ ነው?» ብትላት፣ «የእናቴ ፈትል ነው» አለቻት። ሴትዮዋም ዋጋውን ሳትጠይቅ ቀረች።

በመልሱ ቀን ደግሞ ልጅቱ ካንዲት ጓደኛዋ በተዋሰችው ቬሎ ታየች። አዎን፣ ቬሎ። አምሮባት ነበር፤ ፎቶግራፉም ከሌላው ጋር በግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። የሌላ ሰው ልብስ መዋስ እንደማያሳፍር ከካባው የተማረችው ይመስለኛል፤ ወይም ደግሞ ገና ልጅ ስለ ሆነች ማጌጥ አምሯት ይሆናል። በቤታችን ማንም አልጠየቃትም።

ቀሚሱ እንደገና በእንዶድ ታጥቦ፣ ጥበቡ ፀሐይ እንዳይነካው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ታጥፎ በሣጥኑ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ለመጪው ጥር ለመነችን። ቁመቷ አጭር ስለ ሆነ፣ አዲሱን የስንዝር ጥበብ ሳንቈርጠው ወደ ውስጥ አጥፈን በቀጭን ክር እንድንጠልፈው ተስማምተናል።